ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም? የፌዴሬሽን ምክር ቤት ታሪክ ከቡና አገር ሲታይ

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት በሚዛን አማን፣ በቴፒ፣ በቦንጋ፣ በማሻ፣ በተርጫና በአመያ ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ወጣ። ወቅቱ በቆላማው የቴፒና የበበቃ አካባቢ ቡናው መቅላት የሚጀምርበት፣ ዝናቡም ገና ጠቅልሎ ያልወጣበት ነው። የቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፤ የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር ሆነው አንድ የጋራ ክልል ያቁሙ ወይስ በነበሩበት በደቡብ ክልል ውስጥ ይቆዩ? የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሲያሳውቅ ክልል ይመሥረት ያሉት 1,221,092፣ ባለበት ይቆይ ያሉት 24,024 ሆነው ተገኙ።

ይህ ሁሉ ሰው ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው ሕገ መንግሥቱ በሰጠው መብት ነው። መብቱ በምን ሥርዓት ይፈጸማል፣ ጥያቄውን ማን ይቀበላል፣ ማንስ ይወስናል የሚለውን ግን ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በውሳኔዎቹ ሲቀርጽ የኖረ አንድ ተቋም አለ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። ፍርድ ቤት አይደለም፤ አባላቱም ዳኞች አይደሉም። ሆኖም የትኛው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል፣ የመንግሥት ሥልጣንስ እስከ የት ይደርሳል ለሚለው ክርክር በኢትዮጵያ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የዳኞች ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1803 ማርበሪና ማዲሰን በተከራከሩበት መዝገብ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ሕገ መንግሥቱን ከተጻረረ ዳኛ ሊሽረው ይችላል ብሎ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ታላላቅ የመብት ክርክሮች መጨረሻቸው የዚያ ፍርድ ቤት ዳኞች ፊት ሆነ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሥራ በጀመረበት በ1995 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ሰረዘ። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ምርጫን ውጤት ውድቅ አድርጎ ምርጫው እንዲደገም አዘዘ። ኢትዮጵያ ሌላ መንገድ መረጠች። ለምን እንደመረጠች ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

ከሚክሬቾ እስከ ዙፋን ችሎት

የደቡብ ምዕራቡ አገር ሥልጣንን በምክክር የመግራት የቆየ ልማድ ነበረው። የከፋ ንጉሥ የመንግሥቱን ጉዳይ ሚክሬቾ ከሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ጋር ሆኖ ይመራ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ከፋ ዘመተ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ለወራት ሲያፈገፍግ ቆይቶ ተማረከ። ከዚያ በኋላ አካባቢው በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። የባሪያ ንግድና አፈሳም ከከፋ እስከ ማጂ ብዙ መንደሮችን ባዶ አስቀረ።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሻለ። የተሻሻለው ስለ ዜጎች መብት ዝርዝር ድንጋጌዎች ነበሩት። ይሁንና በፍርድ የተበደለ ሰው የመጨረሻ ተስፋው ዙፋን ችሎት ነበር፤ እዚያ የሚፈርዱት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው። ከቦንጋ ወይም ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በጭቃ መንገድ አዲስ አበባ ደርሶ ዙፋን ችሎት ለመቆም አቅም የነበረው ሰው ጥቂት ነው።

ደርግ ሥልጣን በያዘበት ዓመት፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ገባርነትም አከተመ። ሕገ መንግሥት የመጣው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። በጥር 1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ትርጉም የመስጠቱን ሥልጣን ለመንግሥት ምክር ቤት ሰጠ፤ ሥልጣኑን የያዘው አካል ራሱ የሥልጣኑን ዳር የሚለካ ሆነ ማለት ነው። ያ ሕገ መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አበቃ።

በ1987 የተመረጠው መንገድ

የአሁኑን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚሽን የመሩት አቶ ክፍሌ ወዳጆ ነበሩ። ረቂቁ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በሰበሰቡት የሕገ መንግሥት ጉባኤ ላይ ቀርቦ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ትርጉሙን ለመደበኛው ፍርድ ቤት እንስጥ፣ ለብቻው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እናቋቁም ወይስ ለሌላ አካል እናስረክብ የሚለው ክርክር ተነሥቶ ነበር። ያሸነፈው ሐሳብ ሕገ መንግሥቱን እንደ ቃል ኪዳን የሚያይ ነው፤ ቃል ኪዳኑን የገቡት ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ስለሆኑ መተርጎምም ያለባቸው ራሳቸው ናቸው፣ ጥቂት ዳኞች በትርጉም ስም ሊለውጡት አይገባም የሚል ነበር።

በዚህ መሠረት አንቀጽ 62 ሥልጣኑን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ የሕዝቡ ቁጥር አንድ ሚሊዮን በጨመረ ቁጥር አንድ ወንበር ይጨመራል። ይህ አቆጣጠር ለደቡብ ምዕራቡ ቀላል ነገር አይደለም። በሕዝብ ብዛት ብቻ ቢቆጠር ድምፃቸው ሊሰማ የማይችል እንደ ዲዚ፣ ሱሪ፣ ምኢኒት፣ ሸኮ፣ ጫራ፣ ናኦና ዘልማም ያሉ ሕዝቦች የአገሪቱ የበላይ ሕግ በሚተረጎምበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ያገኙት በዚሁ ድንጋጌ ነው።

ምክር ቤቱ የሕግ ባለሙያዎች ስብስብ ባለመሆኑ አጠገቡ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ቆመ። ጉባኤው 11 አባላት አሉት። ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ምክትሉም የዚያው ፍርድ ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። 6 የሕግ ባለሙያዎች በተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በአገሪቱ ፕሬዚዳንት ይሾማሉ፤ 3ቱን ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ይመርጣል። ሁለቱም ተቋማት ዝርዝር ሕግ ያገኙት በ1993 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 250 ለጉባኤው፣ አዋጅ ቁጥር 251 ለምክር ቤቱ። የጉባኤው በአዋጅ 798/2005፣ የምክር ቤቱ በአዋጅ 1261/2013 ተተክተዋል።

አንድ አቤቱታ የሚያልፍበት መንገድ እንዲህ ነው። ተበዳዩ በመጀመሪያ በተዋረድ ያሉትን ፍርድ ቤቶች ወይም አስተዳደራዊ አካላት ጨርሶ የመጨረሻ ውሳኔ መያዝ አለበት። ከዚያ የተጣሰውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጠቅሶ፣ የውሳኔዎቹን ግልባጭ አያይዞ፣ ለጉባኤው ያስገባል። ክርክሩ ገና በችሎት ላይ ሳለ ዳኛው ራሱ ጥያቄውን ወደ ጉባኤው ሊልከውም ይችላል። ጉባኤው የትርጉም ጥያቄ የለበትም ካለ መዝገቡ ይዘጋል፤ አመልካቹ ቅር ከተሰኘ ለምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል። ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ሕጉ 30 ቀን ይበል እንጂ ምክር ቤቱ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ አካል ነው፤ መዘግየቱ ከውልደቱ አብሮት መጣ። ለጉባኤው ከሚደርሱት አቤቱታዎች አብዛኞቹ የትርጉም ጥያቄ የላቸውም ተብለው ይመለሳሉ።

ተቋሙን ያስተዋወቁ ውሳኔዎች

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የመጣው ከስልጤ ነው። የስልጤ ሕዝብ ከጉራጌ የተለየ ማንነት አለኝ ሲል ጥያቄውን በደቡብ ክልል በኩል ጀምሮ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አደረሰው። ምክር ቤቱ በ1992 ዓ.ም. ጉዳዩ በራሱ በሕዝቡ ድምፅ ይለይ አለ፤ በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ስልጤ በከፍተኛ አብላጫ የራሱን ማንነት መረጠ፤ በኋላም ዞን ሆነ። የውሳኔው ጥልቀት ከስልጤ ያልፋል። ማንነትን የሚወስነው የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ወይም የክልል መስተዳድር ሳይሆን ባለጉዳዩ ሕዝብ ነው የሚለው መርሕ በተግባር የተፈተነው ያኔ ነው። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ 251 ለማንነት ጥያቄ ሥርዓት አበጀለት፤ ጥያቄው መጀመሪያ ለክልሉ ይቀርባል፣ ክልሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ያልፋል።

ሁለተኛው ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም የተባሉ ዕጩዎች ከውድድር ታገዱ። አጣሪ ጉባኤው የቋንቋ ግዴታ የጣለው የምርጫ ሕጉ አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. በሌላ መንገድ ሄደ፤ አንቀጹን አልሻረም፣ ነገር ግን ከዕጩ የሚጠየቀው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ነው ብሎ የምርጫ ቦርዱን አፈጻጸም ነቀፈ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበርና እገዳው ሕገ መንግሥታዊ መሠረት አጣ። በአንድ ክልል ውስጥ በቁጥር አነስተኛ ለሆኑና ከሌላ አካባቢ መጥተው ለሚኖሩ ዜጎች ይህ ውሳኔ የመመረጥ በር ከፈተ።

ሦስተኛው የአንዲት ሴት አቤቱታ ነው። በውርስ ክርክር ጉዳይዋ ያለፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ተደረገ። ተቃውሞዋ በየደረጃው ተቀባይነት አጣ፤ አጣሪ ጉባኤውም የትርጉም ጥያቄ የለበትም አለ። እሷ ግን ይግባኟን ይዛ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደች። ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5ን ጠቅሶ የሃይማኖት ፍርድ ቤት ማየት የሚችለው ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲመጡ ብቻ ነው ሲል ወሰነላት። ከቀበሌ እስከ ሰበር በሩ የተዘጋበት ዜጋ አንድ የቀረ በር እንዳለው በግልጽ ያሳየ ጉዳይ ነው።

በባለሥልጣናት ላይ የሚነገረው ደግሞ የ2006 ዓ.ም. ውሳኔ ነው። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ በሙስና ሲከሰሱ በሚኒስትር ማዕረግ ስለነበሩ ጉዳያቸው በቀጥታ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ተባለ። እዚያ የተፈረደበት ሰው ግን ይግባኝ የሚልበት ሌላ ችሎት የለውም። ጥያቄው ወደ ጉባኤው፣ ከዚያም ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። ምክር ቤቱ ማንኛውም የተከሰሰ ሰው ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው የሚደነግገውን አንቀጽ 20 እና የእኩልነትን መብት ተመርኩዞ ያንን የሥልጣን ድንጋጌ ውድቅ አደረገ፤ ክሱም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታየ። በወቅቱ ሕዝብ በተቆጣበት የሙስና ክስ ላይ ለተከሳሹ መብት መወሰኑ የተቋሙ መልካም ቀን ሆኖ ሊመዘገብ የሚገባው ነው።

ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ውጭም ሕገ መንግሥቱን ሕያው ያደረጉ ችሎቶች አሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1997 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ 454 ጀምሮ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. ከደቡብ ክልል ወረዳ ፍርድ ቤት ተነሥቶ የመጣን የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ሲፈርድ አባትነት ብቻውን አይበቃም፣ ዋናው የሕፃኑ ጥቅምና ደኅንነት ነው በማለት አንቀጽ 36ን በቀጥታ ሥራ ላይ አዋለ፤ ልጁንም ላሳደገችው አክስቱ ተወላት። ከሚዛን እስከ ተርጫ ያሉ ዳኞች የልጅ ክርክር ሲመጣባቸው የሚከተሉት መስመር ይህ ነው።

ተቋሙ የተሸነፈባቸው ቀኖችም አሉ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ሲከለክሉ የቅንጅት ፓርቲ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም ጥያቄውን ለአጣሪ ጉባኤው ላከው። ጉባኤው የትርጉም ጥያቄ የለበትም ብሎ መለሰው። የመሰብሰብ መብትና የአስፈጻሚው ሥልጣን ፊት ለፊት የተገናኙበት ያ ጉዳይ ስፋት ያለው ክርክርና ዝርዝር ምክንያት ይገባው ነበር፤ አላገኘም።

በቡናው አገር የተከማቸ ጥያቄ

በደቡብ ምዕራብ የክልልነት ጥያቄ በ2010ዎቹ አልተወለደም። በሽግግሩ ዘመን በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲያዋቅር የከፋ፣ የሸካና የቤንች አካባቢ ክልል 11 የሚል ቁጥር ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ከክልል 7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ፤ ማዕከሉም ሐዋሳ። የሚዛን ወይም የቴፒ ሰው ለክልሉ ቢሮ ጉዳይ ወይም ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ጅማን አቋርጦ አገር ዞሮ መሄድ ነበረበት። ለመጓጓዣ፣ ለአልቤርጎና ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ቡና አምራች ቤተሰብን የዓመት ገቢ የሚነካ ነው። ፍትሕ የማግኘት መብት በአንቀጽ 37 ተጽፏል፤ በርቀት ምክንያት ግን ብዙ ሰው ይግባኙን ቤቱ አስቀርቶታል።

በደቡብ ክልል ውስጥ የነበረው አደረጃጀትም ተደጋጋሚ ቅሬታ ያስነሣ ነበር። ዳውሮና ኮንታ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳሉ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ መጽሐፍ ለማስተማር የተሞከረው «ወጋጎዳ» በ1992 ዓ.ም. ደም ያፋሰሰ ተቃውሞ ቀሰቀሰ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ ዞኖች፣ ኮንታና ባስኬቶ ደግሞ ልዩ ወረዳዎች ሆኑ። ከፊቾ ሸኪቾ ይባል የነበረውም ዞን ከፋና ሸካ ተብሎ ተለየ። ከዓመታት በኋላ ቤንች ማጂ ዞን ወደ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተከፈለ።

ቴፒ ከሁሉም የከፋውን ዋጋ ከፍላለች። በየኪ ወረዳ የሸኮና የመዠንገር ተወላጆች ራሳቸውን የማስተዳደር ጥያቄ በአግባቡ ሳይመለስ ቆይቶ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ወደ ግጭት አመራ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ የአካባቢው ባለሥልጣናትና ፖሊሶችም ታሰሩ። ጥያቄው ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በቴፒና በአካባቢዋ ዳግም አገርሽቶ ሰው ገደለ፣ ቀዬ አስለቀቀ። ሥርዓት ያለው ሕገ መንግሥታዊ መንገድ በተጻፈበት አገር ሰዎች በመንደር መንገድ ላይ የሞቱት መንገዱ ስለዘገየባቸው ነው።

ጉራ ፈርዳም የራሱ ቁስል አለው። በ2004 ዓ.ም. በወረዳው ይኖሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ከቀያቸው እንዲወጡ ተደረገ። መንግሥት ያለፈቃድ ሰፍረው ደን አጥፍተዋል ሲል፣ ተቺዎች አንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት ሰጥቶታል ብለው ተከራከሩ፤ ነገሩ እስከ ተወካዮች ምክር ቤት ደረሰ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ወረዳ በርካታ ነዋሪዎች በታጣቂዎች ተገደሉ። የነባሩ ሕዝብ ራስን የማስተዳደር መብትና ከሌላ ቦታ የመጣው ዜጋ በሰላም የመኖር መብት የት ላይ ይታረቃሉ? ቤኒሻንጉል ላይ የተጀመረው መልስ እዚህም መቀጠል ያለበት ነው።

የ2012 ትርጉም

የፌዴሬሽን ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ 2012 ዓ.ም. በስሙ የተጠራበት ጊዜ የለም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው በጊዜው ሊካሄድ አልቻለም፤ የምክር ቤቶችና የመንግሥት የሥራ ዘመን ግን መስከረም ላይ ያበቃል። ሕገ መንግሥቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ግልጽ መልስ አልነበረውም። የተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቀረቡት አማራጮች ውስጥ የሕገ መንግሥት ትርጉም መጠየቅን መረጠ።

አጣሪ ጉባኤውን ያኔ የሚመሩት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው የሕገ መንግሥት አርቃቂው ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆነው የሠሩ ናቸው። ጉባኤው ከዚያ በፊት ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ ክርክሩን በቴሌቪዥን ሕዝብ እየተመለከተ ሰማ። ትርጉም ነው ወይስ ማሻሻያ? ክፍተት አለ ወይስ የለም? አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 በየቤቱ የሚነሡ ቁጥሮች ሆኑ።

ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የምክር ቤቶቹ ዘመን እንዲራዘም፣ ምርጫውም ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ሥጋት መሆኑ ማብቃቱ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ እንዲካሄድ ወሰነ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ከውሳኔው ሁለት ቀን ቀድመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የትግራይ ክልል የራሱን ምርጫ ሊያካሂድ ሲነሣ ምክር ቤቱ ምርጫው እንዳልተደረገ ይቆጠራል አለ፤ ክልሉ ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ምርጫውን አካሄደ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ።

የጦርነቱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ውሳኔ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም የተቋሙ ድክመት የታየው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ አባላት በገዥው ፓርቲ ተመርጠው የመጡ፣ ብዙዎቹም የክልል ባለሥልጣናት ነበሩ። የገዛ መንግሥታቸውን ዕድሜ በሚመለከት ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ዳኛ ሆነው ለመታየት አልቻሉም፤ ተቃራኒው ወገንም ውሳኔውን አልቀበልም ለማለት አልተቸገረም።

አሥራ አንደኛው ክልል

በእነዚያው ዓመታት የክልልነት ጥያቄ ደቡብን አጥለቀለቀው። ሲዳማ ቀዳሚ ሆኖ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ አሥረኛው ክልል የመሆን መንገዱን ጠረገ። የከፋ ዞን ምክር ቤትን ጨምሮ በርካታ የዞን ምክር ቤቶች ተመሳሳይ ጥያቄ በየተራ አጸደቁ። ሁሉም ለየብቻ ክልል ቢሆን አቅም ይበተናል የሚል ክርክር ተነሣ። በመጨረሻም አምስቱ ዞኖችና ኮንታ ልዩ ወረዳ በጋራ አንድ ክልል ለመመሥረት ተስማሙ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ወሰነ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ትልቅ የሕግ ትርጉም ተቀምጧል። አንቀጽ 47 ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በማንኛውም ጊዜ የየራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በዝርዝሩ የሚጠቅሰው ሥርዓት ግን አንድ ብሔር ብቻውን ሲጠይቅ የሚታሰብ ይመስላል። ሲዳማ የሄደው በዚያ ነው። ደቡብ ምዕራብ ግን የተለያየ ቋንቋና ታሪክ ያላቸው ሕዝቦች አብረው፣ በአንድ ድምፅ መስጫ ወረቀት፣ መብቱን ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ አረጋገጠ። በጥር 2015 ዓ.ም. የተካሄደውና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልን ያስገኘው ሕዝበ ውሳኔም ይህንኑ ፈለግ ተከተለ።

ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በቦንጋ በይፋ ተመሠረተ፤ ዶክተር ነጋሽ ዋጌሾ የመጀመሪያው ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። 13 ነባር ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ክልል አማርኛን የሥራ ቋንቋ አደረገ። ሁሉም ነገር ሐዋሳ ተከማችቶ ያስከተለውን ቅሬታ በማስታወስ መቀመጫውን ለአራት ከተሞች፣ ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፈለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ግን እስካሁን ዘጠኝ ክልሎችን ብቻ ይዘረዝራል፤ በውሳኔና በሕዝብ ድምፅ የተፈጠሩት ክልሎች ስማቸው በጽሑፉ ውስጥ አልገባም።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ትናንሽ ሕዝቦችን በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠ ተቋም ነው፤ ይህ ጥንካሬው ሊናቅ አይገባም። ለስልጤ፣ ያለፈቃዷ ለተዳኘችው ሴት፣ ይግባኝ ለተነፈገው ተከሳሽ፣ ለደቡብ ምዕራብም ሕዝብ በሩን ከፍቷል። ነገር ግን አስፈጻሚው ራሱ ባለጉዳይ በሆነባቸው በ1997 እና በ2012 ጉዳዮች ላይ ተቋሙ ለሥልጣን ያደላ መስሎ ታይቷል። የክልል ሥራ አስፈጻሚ የሆነ ሰው የምክር ቤቱ አባል ሆኖ በራሱ መንግሥት ላይ የሚቀርብ አቤቱታን መወሰኑ ሊቀር ይገባል። አጣሪ ጉባኤው በ2012 ያደረገው ግልጽ ክርክር ለትልልቅ ጉዳዮች ሁሉ ልማድ ይሁን። ምክር ቤቱ የሚወስናቸው ጉዳዮች ከነምክንያታቸው፣ ከነልዩነት ሐሳባቸው ታትመው በየከተማው ፍርድ ቤትና ቤተ መጻሕፍት ይድረሱ።

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ከዚያ የሚወጡ ጠበቆች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ዳኞች በቴፒ፣ በጉራ ፈርዳ፣ በማጂና በዴቻ የሚነሡትን የማንነት፣ የመሬትና የመኖሪያ ጥያቄዎች ገና በወረዳ ችሎት ሳሉ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ጠቅሰው ቢያነሡ፣ ዳኞችም የሚያጠራጥራቸውን ጥያቄ ወደ ጉባኤው ለመላክ ባይፈሩ፣ ግጭት ሳይቀድም ውሳኔ ሊቀድም ይችላል። ክልሉም ለሸኮ፣ ለመዠንገር፣ ለማንጆ ማኅበረሰብና ከሌላ አካባቢ መጥተው ለሚኖሩ ዜጎች አቤቱታ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ የሰጠው ለአዲስ የመንግሥት መዋቅር ብቻ አይደለም፤ አቤቱታውን በቅርብ ለሚሰማውና በጊዜው ለሚመልስለት መንግሥት ጭምር ነው፤ ይህንንም የመጠየቅ መብት አለው።